ራስና እግር ያለው ጨርቅ

ሰፈራችን ውስጥ ልብስ ሰፊ ተብዬ ነው የምታወቀው። እውነቱን ለመናገር እኔ የምሰፋው እጅጌ ነው፤ እሱንም ግራውን ብቻ። ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛ ቱታ እናመርታለን። መስመሩ ላይ ከእኔ በፊት ያለችው ትከሻ ትገጥማለች፣ እኔ ግራ እጅጌ እቀጥላለሁ፣ ከእኔ ቀጥላ ያለችው ቀኙን ትቀጥላለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የሄደው። አንድ ልብስ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ሰፍቼ አላውቅም፤ ግን የሰፈሩ ሴቶች «አንቺ እያለሽልን የት እንሄዳለን?» ሲሉኝ ደፍሬ «አልችልም» ብዬም አላውቅም። ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር እቀበላለሁ፤ ከዚያ በላይ የመጣውን «ጊዜ የለኝም» እያልኩ እመልሳለሁ። ጊዜ የለኝም ማለቴ ደግሞ ውሸት አልነበረም።

የእናቴን ቀሚስ ግን መመለስ አልቻልኩም። እናቴ ጥቁር ከለበሰች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነበር። ከእኔ ሌላ የነበራት አንድ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ ታመመ፤ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሞተብን። በወጉ ሐዘንተኛ ዓመቱን ጥቁር ለብሶ ይከርማል፤ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ «ይበቃል» ይለውና ጥቁሩን አስወልቆ ሌላ ያለብሰዋል። እናቴንም በዓመቱ የሴቶች ዕድር መጥቶ ነጭ አልብሷት ሄደ። በማግስቱ ከእንቅልፌ ስነሳ ጥቁሯን ለብሳ ደጅ ትጠርጋለች። በሁለተኛው ዓመት ጭራሽ አላስነካም አለች።

እኔ ጥቁር ማየት ሰልችቶኝ ነበር። ይህን በማለቴ የሚፈርድብኝ ካለ ይፍረድ። ድሮ ከታክሲ ወርዳ ስትመጣ በቀሚሷ ከሩቅ የምትለይ ሴት ነበረች፤ ሐምራዊ ትለብሳለች፣ ብርቱካናማ ትለብሳለች፣ ሁለቱን አንድ ላይ ለብሳም ታውቃለች። አሁን አልጋ ላይ ጥቁር፣ ገመድ ላይ ጥቁር፣ ሳፋ ውስጥ ጥቁር ነው። ቀለሙ እየለቀቀ ውሃውን ሲያጠቁረው እኔ ነኝ የማለቀልቀው፤ ከሥራ መልስ፣ ጎንበስ ብዬ።

በመጋቢት አቦ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ ወደቀች። ጾም ነው፣ አልበላችም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሷ ደግሞ ያንን ወፍራም ጥቁር እስከ ቁርጭምጭሚቷ ለብሳለች። ሁለት ሴቶች ውሃ ረጭተው፣ ደግፈው ቤት አደረሷት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ከረሀቡና ከሙቀቱ በቀር ምንም የለባትም አሉኝ። ይህን ሲሰሙ የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራቸው አሮጊት፣ በሦስተኛው ቀን ቤታችን መጥተው ተቀመጡ።

«ለዳግማይ ትንሣኤ እንመጣለን» አሏት። «ስስ የበጋ ቀሚስ ይዘጋጅልሽ። የዘንድሮውን ካወለቅሽው ግን እኔ ደጅሽን አልረግጥም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰፊዋም እዚሁ ቤት ናት፤ ምን ጎደለ?»

እናቴ «እናንተ ካላችሁ» አለች፤ ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚወራ ሁሉ። በዚህኛው ካልወለቀ ከእንግዲህ እንደማይወለቅ ለሁላችንም ግልጽ ነበር።

ጨርቁን ለመግዛት ከፋብሪካ ወጥቼ ሳሪስ ገበያ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ውዬ እግሬ ለምን እንደሚያብጥ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የምፈልገው ቀጭን ጥጥ ነበር፤ አበባው ደቃቅ የሆነ፣ ሐዘንተኛን የማያሳጣ። አንድ ስልጤ ነጋዴ ጣቃ በጣቃ እያወረደ አሳየኝ። አበባው ደቃቅ የሆነው ሁሉ ላብ የማይጠጣ፣ እንደ ፌስታል የሚንኮሻኮሽ ነው። ጥሩ ጥጥ ሆኖ የተገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ ቢጫ መደብ ላይ ትሪ ትሪ የሚያክሉ ቀያይ አበቦች ከነአገዳቸው የቆሙበት። ከሱቁ ማዶ የቆመ ሰው አንድ ሁለት ብሎ ሊቆጥራቸው ይችላል። ጨርቁን በጣቶቼ መሃል አሸት አሸት ሳደርገው ግን ቀዝቀዝ ያለና ለስላሳ ነው። ለእሷ ሰውነት የሚሆነው ይኸው ነው አልኩ።

«ስንት ልቁረጥልሽ?» አለኝ ነጋዴው።

«ሦስት ሜትር።»

«እህቴ፣ ይሄ ጨርቅ ራስና እግር አለው» አለኝ፣ አበባውን በጣቱ ከታች ወደ ላይ እየተከተለ። «ሁሉም ወደ ላይ ነው የሚያየው። አራት ውሰጂ፤ ወደ አንድ ወገን ሲቆረጥ ብዙ ይባክናል።»

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አልኩት። በዚያ ድካም ውስጥ ይቺን ለማለት የሚሆን ጉልበት ከየት እንዳገኘሁ አላውቅም።

«እንግዲያው ታውቂያለሽ» አለና ሦስት ቆረጠልኝ።

የዕውቀቴ ምንጭ ይህ ነው። ከመስመሩ በፊት ጥቂት ወራት መቁረጫ ክፍል ሠርቻለሁ። እዚያ ትልቁ ጥበብ ጨርቅ ማትረፍ ነው። ታችኛው ጫፉ ሰፊ የሆነ ቅድ ሲሆን አንዱን አቁመህ፣ ጎረቤቱን ገልብጠህ ታስተኛዋለህ፤ የአንዱ ጠባብ ከሌላው ሰፊ ጋር ይገጥምና ባክኖ የሚቀር ቦታ አይኖርም። ይህን የቻለ ይመሰገናል። የቱታ ጨርቅ ከየትም ቢያዩት ሰማያዊ ስለሆነ ራሱ የቱ፣ እግሩ የቱ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እናቴን ስለካት እጅሽን አንሺ ስላት ታነሳለች፣ ዙሪ ስላት ትዞራለች። ከድሮ ቀሚሷ ጋር ሳስተያየው ወገቧ አንድ ስንዝር ያህል ጎድሏል። ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ምን ይጠቅማታል ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ሠርተን ወጣን። ለዳግማይ ትንሣኤ አንድ ቀን ቀርቶታል። ግቢያችን ውስጥ የምትኖር ጎረቤቴ የእግር ስፌት መኪናዋን ለቅቃልኝ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ነበር። ጨርቁን ቤቷ ወለል ላይ ዘረጋሁና በደረቀ ሳሙና ቅዱን አሰመርኩ። አንድ ነገር ብቻ አስጨንቆኛል፤ ሁለት ቀይ አበባ ሁለቱ ጡቶቿ ላይ እንዳያርፍ። ያ ቢሆን ሰብሳቢያችን እስከ ዕለተ ሞታቸው አይለቁኝም። ጨርቁን ወዲያ ወዲህ ስስብ ቆይቼ አንዱን አበባ ደረቷ መሃል ላይ፣ ሌሎቹን ከወገቧ በታች አሳረፍኳቸው። በዚህ ረክቼ ወደ ጀርባው ዞርኩ። ጀርባውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ ማለት ይከብደኛል፤ እጄ ነው የቆረጠው። ዓይኔ በእንቅልፍ ይከደናል፣ መቀሱ ይሄዳል። ለእጅጌዎቹ የሚተርፍ ሲገኝ ደስ እንዳለኝም አስታውሳለሁ።

ትከሻውን ገጠምኩ፣ ጎንና ጎኑን ሰፋሁ። ግራ እጅጌው ዓይኔን ጨፍኜ የምሰፋው ነውና ወዲያው አለቀ። ቀኙን ሁለት ጊዜ አጣምሜ ሁለት ጊዜ ተረተርኩ፤ እጄ ሌላ አቅጣጫ አያውቅም። ጫፉን ዘምዝሜ ስጨርስ በሩ ላይ ካለው ምስማር ላይ ሰቅዬ ራቅ ብዬ አየሁት። ፊቱ ያምር ነበር። ገልበጥ ሳደርገው የጀርባው አበቦች በሙሉ ቁልቁል ተዘቅዝቀዋል፤ አገዳቸው ወደ አንገት፣ ራሳቸው ወደ ተረከዝ።

ተነስቼ ሳሪስ ሄድኩ። ነጋዴው ገና ሲያየኝ ገባው። ቀሪውን አንዲት ሴት ለመጋረጃ እንደወሰደችው ነገረኝ። «ብዬሽ ነበር» አላለኝም። በርጩማ ስቦ «አረፍ በይ» አለኝ። ከተቀመጥኩ የምነሳ ስላልመሰለኝ አመስግኜው ተመለስኩ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ መላ መታሁ። ነጠላ ጣል ይደረግበታል፤ ደግሞስ የሐዘንተኛ ጀርባ ማን ያያል? ቤት ስገባ እናቴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀሚሱን በፊት በኩል ዘርግቼ አሳየኋት። ተቀበለችኝና እንደማንኛዋም ሴት መጀመሪያ ገልብጣ አየችው።

«ጀርባው ተዘቅዝቋል» አለች።

«ነጠላ ስትደርቢበት አይታይም።»

«እኔ ድሮም አልፈለግኩም። ለምን ደከምሽ?»

ሌላ ምንም ብትለኝ እችለው ነበር። «ሦስት ዓመት ሙሉ ደክሞኛል» አልኳት። «ጥቁርሽን ሳጥብ ደክሞኛል፤ በልተሽ ይሆን ወይስ አልበላሽ እያልኩ ሥራ ስውል ደክሞኛል። ልጅሽ ነበር፤ አዎ፣ ልጅሽ ነበር። የኔም ወንድም ነበር እኮ።» ድምፄ ከፍ ብሎ ጀመረና መሃል ላይ ተሰበረ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀሚሱን ከእጇ ወስጄ ፊቴን ቀበርኩበትና ከሆዴ አለቀስኩ፤ እንዲያ አድርጌ ያለቀስኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

እናቴ ጎንበስ ብላ አየችኝ። ከዚያ «ያኔ አላለቀስሽም እንዴ?» አለችኝ።

«መቼ?» አልኳት።

እውነቴን ነው። ድንኳኑ ተተክሎ በነበረባቸው ቀናት ወንበር ስዋስ፣ ለእንግዳ እጅ ውሃ ሳፈስ፣ ስልክ ስመልስ፣ እሷ ደረቷን እንዳትመታ እጇን ስይዝ ነበር። ያየኝ ሁሉ «እሷስ ጎበዝ ናት» ይል ነበር፤ እኔም ሙገሳውን ወደድኩት። የሐዘን ፈቃዴ ሦስት ቀን ነበር። በአራተኛው ቀን መስመሩ ላይ ተቀምጬ ግራ እጅጌ እቀጥላለሁ። ከዚያ በኋላ ቤት ስገባ የሚለቀስበት ቦታ ሁልጊዜ ተይዞ ነበር፤ እሷ አለችበት።

እናቴ ተነሳች። የደረበችውን ጥቁር ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ እኔ ላይ ጣለችው። ሙቀቷ ገና አልለቀቀውም ነበር።

«በይ ከወለሉ ተነሺ፤ ፍራሹ ላይ ሁኚና በወጉ አልቅሺ» አለችኝ። «ጓዳውን እኔ እይዘዋለሁ።» ቀሚሱን ከጭኔ ላይ አንስታ ወደ መጋረጃው ኋላ ገባች።

እሑድ የዕድር ሴቶች ሲመጡ ለጠብ ተዘጋጅተው ነበር። ሁለቱ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። እናቴ ግን ያን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላም ሳትደርብ፣ በር ላይ ወንበር እየደረደረች ጠበቀቻቸው። ዞር ስትል ሁሉም ጀርባዋን አዩ።

«ምነው አበባው ቁልቁል ሄደ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ልጄ ናት የሰፋችው» አለች እናቴ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡና እኔን አዩ። ግድግዳው ሥር ካለው ፍራሽ ላይ፣ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ጥቁሩን ነጠላ ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። ዓይኔ አብጦ በደንብ አያይም። ሰብሳቢዋ ጉልበታቸውን ይዘው በዝግታ ከጎኔ ተቀመጡና እጄን ያዙኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ይህ ቃል ስንት መቶ ጊዜ በአጠገቤ አልፎ ወደ እናቴ እንደሄደ አላውቅም፤ እኔ ያኔ የውሃ ጆግ ይዤ የቆምኩት ነበርኩ። አሁን አሮጊቷ መልሴን ይጠብቃሉ፤ ከኋላቸው ያሉትም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ምን ተብሎ እንደሚመለስ ጠፋብኝ።

እናቴ ከበሩ ላይ ሆና «አሜን በያቸው» አለችኝ።