ሲያቅፉት የሚብስበት ልጅ

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው። ከመስኮቷ ኋላ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠችውን ሴት ሰው ሁሉ «እትዬ ቅድሚያ» ይላታል። ለሙገሳ አይደለም። ወረፋ ስለምትጥስ ነው፤ ለዘመዶቿ ሳይሆን ለሕፃናት።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ዓመት አንዲት ወጣት እናት የአራት ወር ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ያተኩሳል፣ ጡት እምቢ ብሏል፣ ለቅሶው ጆሮ ይበሳል።

«ኧረ እቀፊና አባብዪው የኔ እህት! ሰው በሰላም ይቀመጥበት!» አለቻት በመስኮቷ።

እናትየው ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው። ባሰበት። ሲደክማት አግዳሚው ላይ አስተኛችው፤ ጸጥ አለ። ሰልፈኛው ሁሉ እፎይ አለ። እሷም «አየሽ፣ እንቅልፍ አምሮት ነው» ብላ ቀጣዩን ቁጥር ጠራች። የልጁ ተራ ሲደርስ ነርሷ ገልጣ አየችውና ቀስ ብላ መልሳ ሸፈነችው።

ማጅራት ገትር ነበር። ነርሷ ኋላ ነገረቻት። ትልቅ ሰው ራሴን ፈለጠኝ፣ አንገቴ አልታጠፍ አለኝ፣ ብርሃን ጠላሁ ይላል። ሕፃን ምን ይላል? አንገቱ እንኳ ላይደርቅ ይችላል። የአንጎሉ ሽፋን ስለተቆጣ ሲያነሱት ያመዋል፣ ሲያስተኙት ይቀለዋል።

«እቀፊው ያልኳት እኮ እኔ ነኝ» አለች።

ነርሷ የልጁን ካርድ አጥፋ መዝገቡ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወዲህ ያተኮሰው ሕፃን በመጣ ቁጥር «እስቲ አስተኚው። እስቲ አንሺው» ትላለች። ሲያነሱት የሚብስበትን ካርዱ ሳይጻፍ ታስገባዋለች። አንዳንዱ የሆድ ቁርጠት ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ ያን ቀን ሰልፈኛው ይስቅባታል። አዲሱ ኃላፊ ግን አልሳቀም።

«አንቺ ሐኪም ነሽ? አንዴ ብትደግሚው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የምትገቢው!»

«ወረፋ ይከበር» የሚል ወረቀትም ከመስኮቷ በላይ አስለጠፈ። በሽታው ማንበብ ይችል ይመስል!

ባለፈው ወር አንድ ግንበኛ ሲሚንቶ በደረቀበት እጁ የሰባት ወር ልጁን ይዞ መጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ። መድኃኒት ቤት ሽሮፕ ሰጡን፤ ትንሽ በረድ ብሎላት ነበር።»

«አስተኛት። አሁን አንሳት።»

ልጅቷ ጮኸች። ካርድ ጸሐፊዋ ከመስኮቱ ወጥታ የልጅቷን ኮፍያ ገለጠች። አናቷ ላይ እርግብግቢቷ አብጦ ተወጥሯል።

«ጀመራት ደግሞ!» አለ ጉንጩ ያበጠ ሽማግሌ። «እኛስ ሰው አይደለንም? ጥርሴ ሊገድለኝ ነው!»

«ጋሼ፣ በዚያው ጥርስ ነገም ይሰድቡኛል። ይቺ ነገ የላትም።»

ይዛት ገባች። ሐኪሙ ከወገቧ ፈሳሽ ሊቀዳ ሲል ግንበኛው ልጁን ነጠቀ።

«የወገብ መርፌ ሽባ ያደርጋል!»

«ማን ነው ያለህ?» አለችው እትዬ ቅድሚያ።

«ሰው ሁሉ!»

«ሽባ የሚያደርገው በሽታው ነው! ሁለት ቀን አቆይታችሁ ታመጡና በመርፌው ታሳብባላችሁ!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስጣት አባቴ። እኔ አንድ ልጅ ገድያለሁ፤ አንተ አትድገመው።»

ሰጣት። እንደ ውሃ መጥራት የነበረበት ፈሳሽ እንደ እጣቢ ደፍርሶ ወጣ። መድኃኒቱ ወዲያው በደም ሥሯ ገባ።

ልጅቷ ተረፈች። መውጫዋ ቀን ነርሷ ከኋላዋ የብረት ሳህን ጣለች፤ መላ ክፍሉ ደነገጠ፣ ልጅቷ ዞርም አላለች። ጆሮዋን በሽታው ወስዶታል። ሁለት ቀን በሽሮፕ! የሸጠላቸው ሰው ዛሬም እዚያው ቆሞ ይሸጣል።

ኃላፊው እንደዛተው እትዬ ቅድሚያ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባች። ከሰልፉ አዳራሽ የሚለያት አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ትናንት ጠዋት ብርድ ልብስ ስታጣጥፍ የሕፃን ጩኸት ሰማች፤ ከዚያ በመስኮቷ የተተካችውን ወጣት ሠራተኛ ድምፅ፦

«እናቴ፣ እቀፊና አባብዪው እንጂ!»

ጩኸቱ ባሰ። ቆይቶ ቆመ።

«ተመስገን፣ ተኛ» አለ አንድ ሰው።

ብርድ ልብሱ ከእጇ ወደቀ። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ «ወዴት ነው?» ሲላት በትከሻዋ ገፍታው ሮጠች።