ከዕረፍት በታች

እህቴ ሐሙስ ረፋድ ላይ መጣች፤ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ተሰብረው ነበር። ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳያያት ብላ ከአፍንጮ በር እስከ ቤታችን በእግሯ፣ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ነው የመጣችው። ባሏ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነው። ቀለበት የሚያስተካክልባት ትንሽ መዶሻ አለችው። እጇን ጠረጴዛ ላይ አጥብቆ ይዞ በዚያች መታት። ምክንያቱ ስልክ ስታወራ መሳቋ ነበር።

ነጠላውን ፈትቼ ጣቶቿን አየኋቸው። የአንዱ ጫፍ ጠቁሮ ወደ ጎን ዞሯል። ሐኪም ቤት ወስደን በጠፍጣፋ ብረት ደግፈው አሰሩላት። ስትመለስ አልጋዬ ላይ ተኝታ ግድግዳውን እያየች ዋለች።

በዚያ ሰሞን የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፌን ልጨርስ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ሥራዬ በስኩዊድ ነርቭ ላይ ነው። ስኩዊድ አጥንት የሌለው፣ ብዙ እጅ ያለው የባሕር እንስሳ ነው። አንዱ ነርቩ ከሌላው እንስሳ ነርቭ እጅግ ስለሚወፍር፣ ሳይንቲስቶች ቀጭን ሽቦ ውስጡ አስገብተው ኤሌክትሪኩን መለካት ችለዋል። እኔ ስኩዊድ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያለኝ ላፕቶፕና ቀመር ነው። በቀመሩ ነርቩን ኮምፒውተሬ ላይ እሠራዋለሁ፣ እነካዋለሁ፣ ከዚያ ፖታሲየም የሚያልፍባቸው በሮች መቼ እንደሚከፈቱና መቼ እንደሚዘጉ እከታተላለሁ። የእህቴ ባል «የዓሣ ሐኪሟ» ይለኛል። መልሼለት አላውቅም። ሰው በተሰበሰበበት ድምፄን ማሰማት ይከብደኛል።

አርብ ዕለት ባሏ በአጎቱ በኩል የጆሮ ጌጥ ላከ። እሁድ ሽማግሌ ይዞ እንደሚመጣም አስነገረ። እህቴ ሳጥኗን በደህናው እጇ ከፈተችና አየችው።

«ይሄ የጣቴ ነው» አለች። ከዚያ አንገቷን ነካች። «ሐብሉ የጥርሴ። ቀለበቱ የጎድኔ።»

የሰፈር ሴቶች ያንን ወርቅ እያዩ ምን ያለ ባል ነው ያገባሽው ይሏት ነበር።

ቅዳሜ ጠረጴዛዬ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ላፕቶፑ ላይ የነርቩ መስመር ተስሎ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የነርቩ ኤሌክትሪክ። እዚህ ጋ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ዕረፍት እንለዋለን። ስነካው ሶዲየም በራሱ በር ይገባል፣ መስመሩ ሽቅብ ይተኮሳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የፖታሲየም በሮች ይከፈታሉ። እነሱ ዘገምተኞች ናቸው፣ ከሶዲየሙ ዘግይተው ነው የሚከፈቱት። ፖታሲየም ሲወጣ መስመሩ ይወርዳል።»

«ይበርዳል በይኛ።»

«ይበርዳል።»

መስመሩ ከዕረፍቱ በታች ወርዶ ጉድጓድ የሠራበት ቦታ ላይ ጥፍሯን አሳረፈች። «እዚህስ? ከመጀመሪያውም በታች ገባ እኮ።»

«ለመዘጋትም ዘገምተኞች ናቸው። ምቱ ካለፈም በኋላ ትንሽ ክፍት ይቆያሉ። ስለዚህ ለጊዜው ከዕረፍቱም የባሰ ጸጥ ይላል። ያኔ ብትነኪው እንኳ በቀላሉ አይነሳም።»

«ሲዘጉስ?»

«ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። እንደገና ለመተኮስ ይዘጋጃል።»

መስመሩን በጥፍሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለችው። «ነቄ ብያለሁ» አለች በመጨረሻ። «ይቺ ጉድጓድ የጆሮ ጌጧ ናት።»

ፈራሁ። በሥራዬ ማንም እንዲህ ሲናገር አልወድም። «ሰው እኮ ስኩዊድ አይደለም» አልኳት። «ይሄ አንድ ነርቭ ነው፤ ሁሉም ነገር ዓይንሽን ሳትጨፍኚ ያልቃል። የሰው ጠባይ በዚህ አይለካም።»

«ፋራ አታድርጊኝ። እሱን አልለካሁትም። የለካሁት ሽማግሌዎቹ የሚመጡበትን ሰዓት ነው። ሁልጊዜ የሚመጡት እዚህ ጋ ነው።» ጉድጓዱን በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። «ያዩታል፣ በግ ሆኗል። ይዘውኝ ይሄዳሉ። በሩ ሲዘጋ እነሱ ቤታቸው ናቸው።»

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይቋጭ እህል አይቀምስም። ከተቋጨ በኋላ ግን የቀረበለትን ሳይበላና ሳይመርቅ አይነሳም። ከዚህ በፊት ሲያስታርቋት ማዕዱ የቀረበው በባሏ ቤት ስለነበር፣ ሲመረቅ እሷ ተመልሳ ገብታለች። አሁን ማዕዱ እዚሁ እናታችን ቤት እንዲሆን ወሰነች። እናቴን ይዛ አትክልት ተራ ወረደችና ሽንኩርትና አንድ አውራ ዶሮ ይዘው መጡ። ሽንኩርቱን እንዳንልጥ፣ ዶሮውንም እንዳናሳርድ አስጠነቀቀችን። ያኔ ምን እንዳሰበች ገባኝ፤ ምሳው እስኪደርስ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው እንዲቆዩና ጸጥታው ሲያልፍ እንዲያዩት ነው። ከለከልኳት። «ቢገድልሽስ?» አልኳት።

«እዚያ ቤት ከሆነ ማን ያያል?» አለችኝ።

እሁድ አጎቱና አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ መጡ። ባሏ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ገባ። የእናቴን ጉልበት ሳመ። ድምፁ የሚሰማው በጭንቅ ነበር። አጎቱ፣ «ልጁ ቁጡ ነው፣ አይካድም። ግን ቶሎ ይበርዳል። ቂም የሚባል ነገር የለበትም» አሉ። እህቴ ጓዳ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና፣ «እሺ አባባ፣ እሰማዎታለሁ። ማዕዱ ግን እዚሁ ይሁንልኝ» አለች። ደስ አላቸው።

«ምን ሠርታችኋል?» አሉ የሰፈራችን ሽማግሌ።

«ዶሮ» አለች እናቴ። ዶሮው ግቢ ውስጥ ጮኸ። ሁሉም ሳቁ።

ያረደው ባሏ ነው። ክንፎቹን በእግሩ ረግጦ አንገቱን በአንድ ጊዜ ቆረጠው፤ ደሙ ጫማዬ ላይ ሲረጭ «ይቅርታ፣ ዶክተር» አለኝ በለሆሳስ። እኔና እናቴ ሽንኩርት መላጥ ጀመርን። እህቴ በአንድ እጇ እያማሰለች አልቸኮለችም።

መጀመሪያ ባሏ ይቀልድ ነበር። «ዶሮው ነው ዝሆን?» አለ፤ አጎቱ ሳቁ። ቆይቶ ቀልዱ ቀረ። ሰዓቱን ደጋግሞ ያይ ጀመር። ስልኩ ጮኸ፣ አየውና ዘጋው። ውሃ ሳቀርብላቸው ጭልፋው ድስቱን ሲነካ መንጋጋው ሲጠብቅ አየሁ። «ሆን ብላ ነው» አለ፤ ለማንም አልነበረም። አጎቱ ስለ ቸርችል ጎዳና አዳዲስ መብራቶች ወሬ አመጡ። አልሰማቸውም።

ምሳው ሲደርስ እህቴ እጅ ልታስታጥብ ማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣች። በአንድ እጅ ማንቆርቆሪያው ከብዷት ውሃው የባሏ ሱሪ ላይ ፈሰሰ። ጎንበስ ብሎ ሱሪውን አየ። ከዚያ የታሰረ እጇን ይዞ ጠመዘዘው። የብረቱን መጣመም ሰማሁ፤ ቀጥሎ የሷን ጩኸት። ማንቆርቆሪያውን ነጥቆ ሲሰነዝር አጎቱ መሃል ገብተው ነበርና አፋቸውን አገኛቸው። ከኋላ ወገቡን አቀፍኩት። እንደ ጨርቅ ወርውሮ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ፤ ትከሻዬ ሲወልቅ ተሰማኝ። ወጡ ምንጣፉ ላይ ተደፋ። ወለሉ ላይ የወደቀችውን እህቴን ሆዷን ረገጣት፣ ደገማት። የሰፈራችን ሽማግሌ ከዘራቸውን አንስተው ጀርባውን ሲመቱት ነው የቆመው።

ከዚያ አየሁት። ፊቱ ረገበ፣ ትከሻው ወረደ። እጆቹን ተመለከተና አለቀሰ። እዚያው ወጡ ላይ ተንበርክኮ የእህቴን እግር ሊስም እጁን ዘረጋ።

የሰፈራችን ሽማግሌ ከዘራቸውን ዝቅ አደረጉ። ከልማድ ይመስለኛል፣ «ይኸው፣ ተጸጸተ...» ብለው ጀመሩ።

«አባባ» አልኩ። የራሴን ድምፅ አላወቅሁትም። «እናንተ የምታዩት ሁልጊዜ ይሄንን ብቻ ነው። ዛሬ ግን ከዚህ በፊት ያለውንም አይታችኋል።»

አጎቱ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ደሙ ነጭ ጋቢያቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የወንድማቸውን ልጅ አዩት።

«ተነስ» አሉት።

«አጎቴ፣ በእግዜር፣ ሰይጣን ነው...»

«ተነስና ውጣ ነው ያልኩህ። እኔ እዚህ የምመርቀው ነገር የለም።»

ወጣ። አጎቱ ተከትለውት እስከ ግቢው በር ሄደው ብቻቸውን ተመለሱ። እናቴ የእህቴን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። እህቴ እጇን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ ማንንም ሳታይ ጠየቀች።

«ልብሴን ከዚያ ቤት ማን ያመጣልኛል?»

አጎቱ መሐረባቸውን ከአፋቸው አነሱ።

«እኔ አመጣዋለሁ» አሉ።