ስምንቱ ቆርኪዎች

ጂሬኛ ሱሉልታ ውስጥ፣ በጎጃም መንገድ ዳር፣ ሬዲዮና ሞባይል ይጠግናል። በወጣትነቱ የሠራዊቱ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። በመጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ጦሩ ሲፈታ፣ መኪኖቹ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶባቸው ሲቃጠሉ፣ እሱ በእግሩ ወጣ። አብሮ አደጉ ቦሩ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ እዚያው ቀረ።

ጨዋታውን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ ዕውቀቴ ለመጫወቻ ብቻ በቃ። ሸለቆውን ካርቶን ላይ ሣልኩ። ስምንት ቆርኪ መኪና ሆነ፣ የጠላትን እርምጃ የሉዶ ዳይስ ይወስናል። ተጋጣሚ አይፈልግም፤ ለብቻ ተጫውተውት በሩብ ሰዓት ያልቃል። መኪኖቹ የሚነሱት ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሕጉ እንዲህ ይላል።

ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር ተጫወተው። ቀዩ ቆርኪ የቦሩ ነበር። ጂሬኛ ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ሲሸነፍ ደግሞ ፊቱ ይፈታል። ይህ አይገባኝም ነበር።

የቦሩ ሚስት ጠጅቱ ከሱቁ አጠገብ ድንችና ጎመን ትሸጣለች። በየቀኑ አንገቷን ታስገባለች።

«ኦቦ ጂሬኛ፣ ዛሬስ አለፉ?»

«ኧረ የት አባታቸው ያልፋሉ!»

«አንተ እኮ ነህ መንዳት የማታውቀው! ቦሩ ቢሆን በአንድ እጁ ያሳልፋቸው ነበር።»

ባለፈው ማክሰኞ ሽንፈቱን ማየት ሰለቸኝና «እስቲ ዋዜማውን፣ ማምሻውን አስነሣቸው» አልኩት።

እጁ አየር ላይ ቀረ። «ሕጉ እንደዚያ አይልም፣ ጋሼ።»

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁ?» ብዬ ቆርኪዎቹን ራሴ ገፋኋቸው። የመምህር ትዕቢት አይጠፋም።

ስድስቱ አለፉ። ቀዩ ሁለተኛ ሆኖ ወጣ። እንደገና ሞከርን፤ ሰባት። በሦስተኛው ዳይሱን አልነካም አለ።

«ዋዜማውን» አለኝ፣ ዓይኑን ከካርቶኑ ሳይነቅል፣ «ሁንዴ የሚባል የሌላ ጣቢያ ኦፕሬተር በሬዲዮ ጠራኝ። ያለ ኮድ፣ በኦሮምኛ። ‹ገልገለ ከነ በኣ፤ ዛሬ ማታ ውጡ፣ ነገ መንገዱ ይዘጋል› አለኝ። ያለ ኮድ ማውራት ያስቀጣል፤ ያውም በቋንቋችን። አለቃዬ ከየት ሰማህ ቢለኝ ምን ልመልስ? ሁንዴንም እኔንም ይበሉናል ብዬ ፈራሁ። የመውጫው ትእዛዝ በኮድ እስኪመጣ ዝም አልኩ። ኮዱ ሲነጋ መጣ።»

ቀዩን ቆርኪ በጣቱ ነካ አደረገው።

«ብናገርም አያልፉም ነበር እያልኩ ኖርኩ፣ ጋሼ። የእርስዎ ካርቶን በየቀኑ ይመሰክርልኝ ነበር።»

ካርቶን ምስክር እንደማይሆን፣ ዳይስ እውነት እንደማያውቅ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ግን ሲሸነፍ ይህን መቼ ነገርኩት?

ጠጅቱ አንገቷን አስገባች። «ኦቦ ጂሬኛ፣ ዛሬስ አለፉ?»

እኔን አየኝ። ቀዩ ቆርኪ ከሸለቆው ማዶ ቆሟል።

«አላለፉም፣ ጠጅቱ።»

ለወትሮው ትስቅ ነበር። ፊቱን አይታ ነው መሰለኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ተው እንግዲህ፣ አትብሰልሰል። መንገዱ ተዘግቶ አንተ ምን ታደርግ ነበር?»

ወደ ውስጥ ልትገባ እግሯን ስታነሣ ጋዜጣዬን ካርቶኑ ላይ ዘረጋሁት።