የስዋዚዋ ጓደኛዬ ጉርሻ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ደርግ አገር ቤቱን ሲያተራምስ እኔ ጄኔቭ፣ ፓኪ ሰፈር ባለ አንድ ርካሽ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነበርኩ። አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው ጓደኛዬ የስዋዚላንድ ልጅ ነበረች። እንግሊዝኛዬ ስብርብር ቢሆንም ወሬያችን አያልቅም። ሕዝቧ ስሙን ከአንድ የጥንት ንጉሥ እንደወሰደ የነገረችኝ እሷ ናት። "ስዋዚ የሚሉን ሌሎች ናቸው" ትላለች ኮራ ብላ፤ "እኛ ራሳችንን ኤማስዋቲ፣ ቋንቋችንን ሲስዋቲ ነው የምንለው።"

እኛ ስደተኛ ሐበሾች ፋሲካን የምንፈስከው ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን፣ በጃንሆይ ጊዜ ሹም የነበሩ አንድ አዛውንት ቤት ነበር። አንድ ዓመት ይዣት ሄድኩ። ባቡር ላይ ስለ ጉርሻ ነገርኳት፤ የፍቅርና የአክብሮት ነው አልኳት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ገበታው እንደቀረበ መጀመሪያ የጠቀለለችውን ለአዛውንቱ ይዛ ሄደች። ተንበረከከችና ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ዘረጋችላቸው። በአገሯም ለትልቅ ሰው የሚሰጠው እንደኛው ነው። ሰውየው ፊታቸውን አዞሩ።

"ይቺን ባሪያ ደግሞ ከየት አመጣሽብን?" አሉኝ።

ቤቱ ቃሉን እየደጋገመ ሳቀ። ሁለት ወር ሙሉ ጾመን፣ በሰው አገር ስደተኛ ሆነን፣ ሳቅን! እኔም፣ አፈር ልብላና፣ ፈገግ አልኩ።

"ምን አሉ?" አለችኝ፤ እጇ እንደተዘረጋ ነው።

"ጠግበዋል። አገርሽ የት ነው ይሉሻል" አልኳት።

ደስ አላት። ጉርሻውን ራሷ በልታ ስለ ሕዝቧ፣ ስለ ቋንቋዋ፣ ስለዚያ ንጉሥ ስም ቀስ ብላ አስረዳች። እኔ አስተረጎምኩ። ለጃንሆይ መውረድ እስከዚያን ቀን የሚያለቅሱት ሽማግሌ የሌላውን ንጉሥ ታሪክ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ሰሙ።

ሰኞ ጠዋት ሆቴሉ ውስጥ አንሶላ እያጠፍን፣ "የእኛ ስም ከየት እንደመጣ ነግሬያችኋለሁ" አለችኝ። "እናንተ 'ባሪያ' እያላችሁ የጠራችሁኝስ? እሱ ከየት መጣ?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዋሽቼ መዝለቅ አቃተኝ፤ እውነቱን ነገርኳት። የአንሶላውን ጫፍ ለቀቀችው።

"አንቺስ ምን አልሻቸው?" አለችኝ።

አንሶላውን ብቻዬን አጠፍኩት።