ገሠሠ ነጯን መኪና ያቆመ ዕለት

ገሠሠን የሚያውቁ ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ከፊቱ አስቀድመው ግራ እግሩን ያነሣሉ። ሻይ ቤት ተቀምጦም ሆነ ቅዳሴ ቆሞ ያ እግር ሥራ አይፈታም ነበር፤ የሌለ ፍሪሲዮን ሲረግጥና ሲለቅ ይውላል። ባለቤቱ አሰጋሽ ጠዋት ስትነሣ፣ «ዛሬም ሌሊቱን ሁሉ ዳገት ስታስወጣኝ አደርክ» ትለዋለች።

ተወልዶ ያደገው ጎጃም ነው። ገና ጢሙ ሳያቀመቅም አጎቱን ተከትሎ ጅማ መጣ፤ እዚያ ገራዥ ውስጥ ዘይት እየጠረገ መንዳት ለመደ። ኋላም የቡና ጭነት እያመላለሰ ሚዛን ተፈሪንና ቴፒን እንደ ቤቱ ጓዳ አወቃቸው። አብዮቱ መጥቶ እርሻዎቹ ሲወረሱ፣ ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቡና እርሻ ሹፌር ሆኖ ተቀጠረ። አንዲት አሮጌ ላንድሮቨርም ተሰጠችው።

ላንድሮቨሯ በሯ በሽቦ የሚታሰር፣ መስኮቷ ግማሽ ላይ የቀረ ነበረች። ቁልፏ አንዴ ከተነቀለ በመከራ ስለሚገባ ሁልጊዜ እዚያው ተሰክቶ ይውላል። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል፤ ገሠሠ መያዣውን የኮፍያ መስቀያ አድርጎታል። ዳገት ላይ ሲያቆማት ሞተር አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ ያስገባል፤ ቁልቁለት ከሆነም የኋላ ማርሽ። ከዚያ ወርዶ ከወንበሩ ሥር የማይለየውን የዋንዛ ታኮ ከጎማዋ ሥር ይሸጉጣል። እሷም ትንሽ ተንሸራታ፣ እንደ አሮጊት አቃስታ፣ ቀጥ ትላለች። በዚያ አገር ያለ ሹፌር ሁሉ የሚያቆመው እንዲሁ ነበር።

ገሠሠ ግን ላንድሮቨሯን የሚወዳት ለራሷ ብሎ አልነበረም። ከጎኑ የሚቀመጠው የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ጓድ ዓባይነህ ነበር። ዓባይነህ ቀጭን፣ ጨጓራውን የሚያመው፣ ቢሮ ውስጥ ፈገግታ የማያውቅ ሰው ነው። መንገድ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሙዝ ገዝቶ ልጦ ለገሠሠ ያጎርሰዋል፤ ስለ እናቱ ላሞች ያወራለታል፤ ሲደክመውም ትከሻው ላይ ደገፍ ብሎ ይተኛል። ገሠሠ ያን ጊዜ ጉድጓዱን ሁሉ እንደ እንቁላል ተሸካሚ በቀስታ ያልፈዋል። ልጅ አልወለደም፤ ያቺ የትከሻ ክብደት ምን እንደሆነችለት እሱ ብቻ ያውቃል።

ነጯ መኪና የመጣችው የቡና በሽታ ሊያጠኑ ከመጡ ፈረንጆች ጋር ነው። ፈረንጆቹ ሹፌር ሲፈልጉ መጀመሪያ የተጠራው ገሠሠ ነበር። አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። ፍሪሲዮን የለም። የለመደው ካምቢዮም የለም፤ ከወንበሩ አጠገብ ያለችው ዘንግ የፈረንጅ ፊደላት ተደርድረውባት፣ መጨረሻ ላይ ሁለትና አንድ ቁጥር ተጽፎባታል።

«ግራ እግሬንስ ምን ላድርገው? እቤት ትቼው ልምጣ?» አለና ሹፌሮቹን አሳቃቸው። «ይቺ የሴት መኪና ናት። ለሴት ስጧት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለሴት ሰጧት። ወለላ የምትባል የቤንች ልጅ፣ እርሻው ውስጥ ትራክተር የምትነዳ፣ ረጅምና ዝምተኛ፣ ጸሎት ቤት የምታዘወትር፣ ፈረንጆቹ ያሳዩዋትን ሁሉ ሳትሰለች ተማረች። ጥናቱ አልቆ ፈረንጆቹ ሲሄዱ መኪናዋ ለእርሻው ቀረች፤ ጓድ ዓባይነህም ጨጓራውን የማታንገጫግጨውን መርጦ ከወለላ ጎን ተቀመጠ። ላንድሮቨሯ ማዳበሪያና የተሰበረ ፓምፕ ማመላለሻ ሆነች።

ገሠሠ አንጀቱ ቅጥል አለ። መንገድ ላይ ሲተላለፉ ዓባይነህ አፉን ከፍቶ ሲስቅ ያየዋል። ምን ብላው ይሆን የሚስቀው? ለኔ እንዲህ ስቆልኝ ያውቃል? ነጯ መኪና አቧራ የማይነካት፣ ወለላም ላብ የማታውቅ ይመስለው ነበር። ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያው አጥር ጋ ቆሞ ስትገባ ይጠብቃታል፤ አንድ ቀን እንኳ አጥሩን ገጭታ ባያት ብሎ ይመኛል። ወለላ ግን ቀስ ብላ ትገባለች፤ ትንሽ ቆይታ ሞተሯን ታጠፋለች። መኪናዋ አትንሸራተትም፣ አታቃስትም፤ እንደ ተተከለ ምሰሶ ትቆማለች። ከዚያ ልጅቷ ወርዳ መስኮቶቹን ታያለች፣ የበሮቹን እጀታ አንድ በአንድ ትሞክራለች፣ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ገሠሠ ከአጥር ማዶ ሁሉንም ያያል፤ እጇ መኪናዋ ውስጥ የሚሠራውን ብቻ አያይም።

አንድ ማታ አሰጋሽ ጎደሬ እየላጠች ጠበቀችው።

«የት ነበርክ?»

«አጥሩ ጋ።»

«እሱንማ ጎረቤቱም ያውቃል። ማንን ስታይ?»

«መኪናዋን።»

«መኪናዋን ነው ባለ መኪናዋን?» አለች ቢላዋዋን አቁማ። «ሰው ጥርሱ ሲረግፍ ዓይኑ ይበቅላል ማለት ነው?»

«አንቺ ሴት! እኔ የማየው ስታቆም ነው።»

«ስትቆም ነው በለኛ!»

ገሠሠ ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ወጣ። እውነቱን ከሚነግራት በሴት ተጠርጥሮ ቢያድር ይሻለው ነበር። አሰጋሽም ያን ምሽት ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ቅናት አደረ።

ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ወለላን ወባ ጣላት። ጓድ ዓባይነህ ደግሞ ሚዛን ተፈሪ ስብሰባ ነበረው፤ ገሠሠን አስጠርቶ ነጯን እንዲይዝ አዘዘው። ገሠሠ ቁልፉን ሊወስድ ወለላ ቤት ሲሄድ ልጅቷ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ሰጠችው።

«ጋሼ፣ መሄዱስ ቀላል ነው» አለችው። «ሲያቆሙ ነው እንጂ… እግርዎን ከፍሬኑ ሳያነሡ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን…»

«ልጄ፣ እኔ መኪና ሳቆም አንቺ አንቀልባ ላይ ነበርሽ። ተኚ።»

«ዳገት ላይ ግን ዘንጓ…»

«ተኚ አልኩሽ! እኔ ነኝ ዳገት የምማረው?»

ሲነሡ ከዓባይነህ ሌላ የእርሻው ካድሬ ጴጥሮስም ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ወደፊት የምታስኬደውን ፊደል ገሠሠ ባንድ ወቅት ከወለላ ጎን ተሳፍሮ አይቷታል። መኪናዋ ሄደች። ውሃ በሳር ላይ እንደሚሄድ ሄደች። ገሠሠ ውስጡ ይበልጥ ነደደ፤ ያቺ ልጅ ይህን ሁሉ ጊዜ በዚህ ምቾት ስትንሸራሸር እሱ በማዳበሪያ ሽታ ሲታፈን ነበርና። ዓባይነህ ግን ወደ እሱ ዞሮ፣ «አይ ገሤ፣ አንተም ለካ ትችላታለህ!» ሲለው ፊቱ በራ።

ሚዛን ተፈሪ የስብሰባው ቢሮ ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ገሠሠ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ላይ አድርጎ አቆመ። ሰዎቹ ወረዱ። እሱም እጁ እንደለመደው ሞተር አጠፋና ዘንጓን ወደ አንድ ቁጥር ሳበ፤ አንደኛ ማርሽ መሆኑ ነው። የእጅ ፍሬኑን እጁ ረስቶታል። ታኮው ላንድሮቨሯ ውስጥ ቀርቷል፤ ደግሞስ ለእንዲህ ዓይነት መኪና እንጨት መሸጎጥ ያሳፍራል። እግሩን ሲያነሣ መኪናዋ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደችና ቀጥ አለች። «ያዘ» አለ በሆዱ፤ ሁሌም እንዲሁ ነዋ። የያዘው ግን ማርሹ አልነበረም፤ የኋላ ጎማዋ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ተደግፎ ነበር። ቁልፉን እንደ ላንድሮቨሯ እዚያው ትቶ፣ በሩንም ሳይቆልፍ፣ ፊት ለፊት ወዳለው ሻይ ቤት ገባ።

ዝናቡ አባርቶ ስብሰባው ሲያልቅ ዓባይነህ ቀድሞ መጣ። በሩን ከፍቶ ተቀመጠና ድርግም አድርጎ ዘጋው። ጭቃው የለቀቀው ያን ጊዜ ነው። ድንጋዩ ተንሸራተተ፤ መኪናዋ ሥራ አስኪያጁን ይዛ ወደ ኋላ ቁልቁል ሄደች። ከታች ሴቶች ዝንጅብልና ኮረሪማ በእንሰት ቅጠል ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ኧረ መኪና! ኧረ ሰው የለም ወይ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ገሠሠ ብርጭቆውን ጥሎ ወጣ። እንዴት እንደደረሰባት ኋላም አያስታውስም። በሩን ከፍቶ ግማሽ ሰውነቱ ተንጠልጥሎ ሲገባ ያ ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ፍለጋ ተወረወረ፤ ያገኘው ግን ሰፊውን ፍሬን ነበር። በጉልበቱ ሙሉ ረገጠው፣ መሪውንም መንገዱ ዳር ወዳለው የአፈር ግድግዳ ጠመዘዘ። መኪናዋ ቂጧን ግድግዳው ላይ ሰክታ ቆመች። የኋላ መብራቷ ረገፈ፤ የአንዲት ሴትዮ ኮረሪማ ጭቃ ውስጥ ተበተነ። ሰው አልተነካም።

ዓባይነህ ከንፈሩ አመድ መስሎ የገሠሠን ክንድ ጨበጠ። «ገሤ… ነፍሴን አተረፍካት። አንተ ባትኖር ኖሮ…» ድምፁ ተሰበረ። ገሠሠ ይህን ድምፅ ሲናፍቅ ስንት ወራት አሳለፈ!

ጴጥሮስ እየሮጠ ደረሰ። መኪናዋን ዞሮ አየና ፊቱን አኮሳተረ።

«የቆመች መኪና ብቻዋን አትሄድም። ይህ አሻጥር ነው። እስከ ትናንት የያዛት ማን ነበር? ያቺ ጸሎተኛዋ ወለላ አይደለችም?» ገሠሠን አየው። «ነካክታብህ ይሆን እንዴ ጓድ ገሠሠ?»

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን እንደ ቀላል ነገር የሚነገር አልነበረም፤ ተጠርተው ሄደው ያልተመለሱ ነበሩ። ገሠሠ የመብራቷን ስባሪ ይለቅም ጀመር። «አላውቅም» ማለት እንኳ አላስፈለገውም፤ ዝምታው በቂ ነበር። ጴጥሮስ፣ «ማታ እናስጠራታለን» አለና ከኋላ ገባ።

መመለሻው ላይ ዓባይነህ ሙዝ ገዛ። እንደ ድሮው ልጦ አጎረሰው። ስለ እናቱ ላሞች አወራ። ሲመሻሽ ራሱን በገሠሠ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ አንቀላፋ። ገሠሠ የሚፈልገው ሁሉ እጁ ገባ፤ መኪናዋም፣ ሰውየውም፣ ሳቁም። አንዲት ቃል ሳይናገር የወለላ ወንበር የሱ ሆኖ ሊቀር ነው። የተረፈውን ሙዝ ግን አልነካውም። ዓይኑ ላይ የመጣችበት ያቺ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ «ዳገት ላይ ግን» የምትለው ልጅ ናት፤ ይህም ደግሞ አናደደው። ከሩቅም ሆና አትለቀኝም እንዴ አለ።

ቴፒ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ዳገት መሃል ላይ አቆመ። ዓባይነህ ነቃ።

«ምነው ገሤ?»

«ጓድ ዓባይነህ፣ ላሳይዎ።» ፍሬኑን እንደረገጠ ሞተሩን አጠፋ፣ ዘንጓን አንድ ቁጥር ላይ አደረገ። «ሚዛን ላይ ያቆምኳት እንዲህ ነው። አንደኛ ማርሽ መስሎኝ።» እግሩን ላላ አደረገ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ መልሶ ረገጣት። «አልያዘም። የእጅ ፍሬኑንም አልሳብኩም። ልጅቷ ልትነግረኝ ብትል ከልክያት ነው። እሷ የነካችው የለም።»

ዓባይነህ ቀስ ብሎ ከትከሻው ራቀ፣ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። «ንዳ» አለው።

ጴጥሮስ ወለላን አላስጠራም። ገሠሠ ግን ቁልፍ ተነጥቆ ክረምቱን ሙሉ መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ሆነ። ይህን የሰማች አሰጋሽ፣ «ታዲያ በመኪናዋ ነበር እንዴ የቀናኸው?» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቱን አይታ ሳቋን ዋጠች።

መስከረም ሲጠባ ዓባይነህ ቁልፉን መለሰለት፤ ነጯን ለመንዳት ግን ወለላ እንድታስተምረው አዘዘ። ሹፌሮቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው እያዩ፣ ገሠሠ የመኪና ማቆሚያው ዳገት ላይ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እግርዎ ፍሬኑ ላይ ይቆይ። አሁን የእጅ ፍሬኑን ይሳቡት፤ እስኪጠብቅ ድረስ። ከዚያ ዘንጓን እስከ ፊት ይግፏት፣ ይቺ ፊደል ላይ። የምትቆልፋት እሷ ናት። እግርዎን ቀስ ብለው ያንሡ።»

አነሣ። መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም።

«ጎማውን ደግሞ ዳር ወዳለው የአፈር ግድግዳ ያዙሩት፤ ቢሄድ እንኳ እዚያው ይጋጫል፣ ሰው ላይ አይሄድም። አሁን ሞተሩን ያጥፉ። ቁልፉን ይንቀሉ። መስኮት ይዝጉ። በሩንም።»

ከውጭ አንዱ ሹፌር፣ «ጋሼ ገሠሠ፣ ፈተናውን አለፍክ?» ብሎ ጮኸ። ሳቁ። ገሠሠ ወረደና መኪናዋን በትከሻው ገፋ ገፋ አደረጋት፤ ቅንጣት አልተነቃነቀችም። ወለላ ሦስት ማዕዘን ተደርጎ የተጠረበ እንጨት ከኋላ አውጥታ ከጎማው ሥር ሸጎጠች።

«ይሄ ሁሉ ተደርጎም ታኮ?» አላት።

«ዳገት ነዋ ጋሼ።» እንጨቱን በእግሯ ጠበቅ አድርጋ፣ «የሚመጣው ወር ለትምህርት ጅማ ይልኩኛል። ጓድ ዓባይነህ ማን ይያዛት ሲለኝ እርስዎን አልኩት» አለችው፣ መሬት መሬት እያየች።

ገሠሠ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አመሰገናትም። ነገር ግን ቁልፉን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ አዲስ ነገር ከነከነው፤ እሱ አንዲት እውነት ተናግሮ ክረምቱን ሙሉ የታመመባትን መኪና ይቺ ልጅ ልፋት ሳይሰማት፣ እንዲያው እንደ ቀላል፣ ለሱ ለቀቀችለት። በዚህ ልግስናዋም ቀናባት።