ረቡዕ ቢመጡ ኖሮ

የወረዳው ሰዎች የሚመጡት ረቡዕ ነው ተብሎ ነበር። ረቡዕ ጾም ነው፤ በሽሮና በቆሎ እንሸኛቸው ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ተደወለና ለሐሙስ ተዛውሯል ተባለ። እኔም ሄጄ በግ ገዛሁ። ይህን ነገር ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንዳመላለስኩት የማውቀው እኔ ነኝ።

የማስተምረው በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለች ቀበሌ ነው። የተወለድኩትም እዚያው ነው። ከመንደራችን ጤና ጣቢያው ድረስ ገደሉን ወርዶ ገደሉን ወጥቶ ለእግረኛ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ በቃሬዛ ለምትሄድ ወላድ ግን ስንት እንደሚፈጅ እግዜር ይወቀው። ለዚህ ሲባል በጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ ነበር። ጥቂት አልጋዎች፣ አንድ ማድ ቤትና አንዲት ምግብ አብሳይ ነበሩት። ከሩቅ የሚመጡ እርጉዞች ቀናቸው ሲቃረብ እዚያ ገብተው ምጣቸውን ይጠብቃሉ። ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ቤት ወልዳ ቀብራለች። ሁለተኛውን ስታረግዝ «ይቺን እንኳ ማቆያው ገብቼ ነው የምወልዳት» አለችኝ። ሴት መሆኗን በምን እንዳወቀች እንጃ።

በዚያው ክረምት በጀት ተቀነሰ ተባለና ማቆያው ተቆለፈ። እህሉ ቀረ፣ አብሳይዋም ተሰናበተች።

አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የንስሐ አባታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ቆመው «ሳይፈርም የሚወጣ የለም» እያሉ ሰዉን ያግዱልኝ ነበር። መጻፍ የማይችለው በአውራ ጣቱ ፈረመ። ሴቶቹ ጣታቸው በቀለም እንደተነከረ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እየተሳሳቁ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሁለቴ ልፈርም አሉኝ፤ አንዱን ለእሳቸው፣ አንዱን በወሊድ ለሞተችባቸው ሚስታቸው። ለሞተ ሰው አይፈረምም ብዬ መለስኳቸው። ዛሬ ቢሆን እጃቸውን ይዤ አስፈርማቸው ነበር።

አቤቱታው ተሰማና ችግራችሁን በዓይናችን አይተን እንወስናለን ተባለ። በዚህም ነው በጉ የመጣው። የንስሐ አባታችን ጎትተው ወደ ጥግ ወሰዱኝና «ልጄ፣ ማጣታችንን ልናሳይ አልነበረም እንዴ የጠራናቸው?» አሉኝ። እኔ አፌ አይታሰር። «አባ፣ ችግረኞች ነን እንጂ ባለጌዎች አይደለንም» አልኳቸው። ያን ቀን በመልሴ ኮርቼ ነበር።

ሰው ሁሉ ያለውን አመጣ። አንዷ ዶሮ ሠራች፣ ሌላዋ ከጎረቤት ቅቤ ተበድራ መጣች። እህቴ አዲስ የተቆረጠ ማር ይዛ ቀረበች፤ ባሏ ያለችው አንዲት ቀፎ ናት። ግማሹን አስቀድማ ለአራስ ገንፎዋ ብላ እናታችን ጓዳ አኑራዋለች። የምትናገረውም እሷ ነበረች፤ ስድስት ወሯ ስለሆነ ሆዷን አይተው ይራራሉ ብለን መረጥናት። ሦስት ቀን ሙሉ አስጠንቻታለሁ።

ሰዎቹ በልተው ጠጡ። አለቃቸው ክፉ ሰው አልነበረም። እጁን ታጥቦ ወደ እህቴ ዞረና «እሺ እህቴ፣ ኑሮ እንዴት ነው?» አላት። እህቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «ተመስገን፣ ምንም አንል» አለችው።

«ማሩ የማነው?»

«የኛው ነው። ምነው፣ አልበሉም እኮ።»

በዓይኔ ብጠቅሳት ቀና ብላ አላየችኝም። ተነስቼ አቤቱታውን አነበብኩት። ጥሩ አንብበሻል ብለው አጨበጨቡልኝ።

ደብዳቤው ከገና ጾም መግቢያ በኋላ ደረሰ። የኅብረተሰቡ ኑሮ በአካል ታይቶ የተሻለ ሆኖ ስለተገኘ ማቆያውን በራሱ አቅም ማስቀጠል ይችላል ይላል። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነበው መጀመሪያ የሳቀ ሰው ነበር። እሺ ብለን እህል አዋጥተን በአህያ ጭነን ሄድን፤ ቁልፉን የሚሰጠን አጣን። አንዱ ወደ ሌላው ሲልከን መሽቶብን ከነእህላችን ተመለስን። ደግመን ጻፍን፣ መልስ አልመጣም። ጤና ጣቢያው ባለበት ከተማ እህቴን የሚያስጠጋት ዘመድ አልነበረንም።

ምጡ የያዛት ጥር መጨረሻ፣ አንድ ጠዋት ነው። ወንዶቹ እየተፈራረቁ ተሸከሟት። እኔ ከጎኗ እየሮጥኩ እጇን ይዣለሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ የምታወራው ከተሸካሚዎቹ ጋር ነበር። «አደከምኳችሁ፣ ሥራም አስፈታኋችሁ» ትላቸዋለች። ዳገቱ ላይ ደም ሲበዛ እንኳ አልጮኸችም። ጩኺ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ጩኺ እያልኩ ስለምናት ነበር። የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ከሚታይበት ጫፍ ስንደርስ እጇ ከእጄ ውስጥ ላላ። ልጅቷም አብራት ሄደች። ሴት መሆኗን ያወቅነው ከሆዷ ለይተው ሲገንዟቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ያ አለቃ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከየት እንደሰማ አላውቅም። አጠገቤ ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ «ያን ቀን እኮ ችግር አለ አላለችኝም» አለኝ። ያ ሁሉ ጣት ያረፈበት ወረቀት እጅህ ላይ ነበር ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን እኔም በግ አሳርጄበታለሁ። አለቀስኩ።

እናቴ ከለቅሶው ብዛት ልቧ እዚህ አልነበረም። ከጥግ ሆና እንግዳውን አየችውና «አንቺ፣ ሰውየው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ባፉ ምንም ሳያደርግ? ማሩ ጓዳ አለ፣ አቅርቢለት» አለችኝ።

ለቅሶ ቤት ማር አይቀርብም። ቤቱ ሙሉ ሰው ሰምቷል፤ ማንም ግን ተዪ አላላትም። ገብቼ የእህቴን ማር በሳህን አወጣሁና እጁን አስታጠብኩት። የማን ማር እንደሆነ ገብቶታል። የልጅ ሐዘን ላይ ያለችን እናት እምቢ ማለት ነውር ነውና በላ።

«ጨምሪለት» አለችኝ እናቴ።

ጨመርኩለት።