በሰፌድ የተበጠረ ጥይት

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለነው አራት ነን። አንደኛ እኔ፣ አባወራው፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ማንበብና መጻፍ የለመድኩ፣ ስለዚህም የማላውቀው ነገር ያለ የማይመስለኝ። ሁለተኛ ባለቤቴ፤ ይህን ሁሉ ዓመት የቻለችኝ። ሦስተኛ ታናሽ ወንድሟ፤ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ሚኒባስ የሚነዳ፣ ሲዋሽ ዓይኑን የማያሽ። አራተኛ አይጧ።

አይጧ ለበልግ ያስቀመጥነውን የዘር ገብስ ከጎተራው ታወጣ ነበር። ዘር ያጣ ገበሬ ዝናብ ሲመጣ ቁና ይዞ ጎረቤት ደጅ ይቆማል። እኔ ደግሞ ልጆቼን «ከሰው ደጅ አትቁሙ» እያልኩ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ድመት እናምጣ አለች። ድመት የምትታዘዝ ፍጥረት አይደለችም፤ በቤቴ የማይታዘዘኝ ደግሞ ሞልቷል። እምቢ አልኩ።

ሹፌሩ የአየር ጠመንጃ ገዝቶ አመጣልኝ፤ የገዛው በእኔው ገንዘብ ነው። ከጠመንጃው ጋር ሁለት ዓይነት የእርሳስ ጥይት በአንድ ፌስታል ደባልቆ ሰጠኝ። አንደኛዋ ራሷ ጠፍጣፋ፣ ቀላል፤ ሌላዋ ራሷ ሹል፣ ከባድ። ሁለቱም ወገባቸው ቀጥኖ ታቻቸው እንደ ቀሚስ ሰፋ ይላል፤ ለጥይት የማይገባ ሽቅርቅርነት ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ጠመንጃ ጉልበቷ ትንሽ ነው። ጠፍጣፋዋን ያጉርሷት። ከባዷን ከሰጧት ዝቅ ብላ ትመታለች።»

«በምን አወቅህ?»

«በቀደም ጅብ ጥዬባታለሁ።»

«በዚች?»

«ማርያምን፣ ጋሼ! አንድ ጥይት ነው!»

በአየር ጠመንጃ ጅብ የጣለን ሰው ምክር ማን ይሰማል? እኛ ዘር ስንመርጥ ከባዱን እንይዛለን፤ ቀላሉ ገለባ ነው። ጥይትስ ከገብስ በምን ይለያል? ባለቤቴን ጠርቼ ፌስታሉን ሰፌድ ላይ ዘረገፍኩት።

«አበጥሪልኝ።»

«እርሳስ ሳበጥር ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። «ነገ ደግሞ ፍጪው በለኝ።»

አበጠረችው። ቀላሉ ወደ ሰፌዱ አፍ ሲመጣ ወደ ግቢው ታራግፈዋለች፤ ከባዱ ሰፌዱ ላይ ቀረ። ግቢው ውስጥ ለፋሲካ የጠበቅናቸው ሦስት ዶሮዎችና አንድ አውራ ይጭራሉ። ዶሮ ጠጠር መልቀም ልማዷ መሆኑን እያወቅሁ ልቤ ከሹሉ ጋር ነበር።

ከጎተራው ፊት ተቀመጥኩ። አይጧ ወጣች። ራሷ ላይ አነጣጥሬ ተኮስኩ፤ ከእግሯ በታች ጭቃውን መታሁ። ደገምኩ፤ እዚያው ጭቃውን። በኋላ በኋላ አይጧ መሸሽም ተወች፤ ስተኩስ ቆማ ታየኛለች።

«ወይ አስተምራት ወይ ተዋት» አለች ባለቤቴ።

በዚያው ሰሞን ዶሮዎቹ አንገታቸውን ደፉ። መብላት ተዉ፤ ክንፋቸው ተንጠለጠለ፤ ተከታትለው ሞቱ። አውራውን ሆዱን ብንከፍተው ጠፍጣፋዎቹ ጥይቶች ከጠጠሩ ጋር ተደርድረዋል፤ እርሳሱ መርዟቸው ኖሯል።

«ሥጋው እንኳ ምንም አይል» አልኩ፤ ንፉግ ነኝ፣ አልክድም።

«ብላው። ጉድጓዱን ሰፋ አድርጌ እቆፍራለሁ።»

አልበላሁም። የቀረ ካለ ብዬ ግቢውን ጠረግሁና ዶሮዎቹ ያልደረሱባትን አንዲት ጠፍጣፋ ከአጥሩ ሥር አገኘሁ። አጎረስኳት። አይጧ እንደ ልማዷ ወጥታ ቆመች፤ ተኮስኩ፤ ወደቀች። ያን ያህል ስለተላመድን ትንሽ ከፋኝ።

ሹፌሩ ሲሰማ ደረቱን ነፋ። «እንግዲህ ጅቡንም ያምኑኛል?»

«ጅቡን አላምንም» አልኩት። «ጥይቱን ግን አምኛለሁ።»

ልጆቼን ሰብስቤ መከርኳቸው፦ ውሸታምም አንዳንዴ እውነት ይዞ ይመጣል፤ ሰውየውን ባታምኑት እንኳ ያመጣውን ፈትሹ። ባለቤቴ ከጓዳ «ዶሮዎቹ ሳይሞቱ ብትመክራቸው!» አለች።

ዘሩ ተረፈ፤ ገብሱን በወቅቱ ዘራን፤ ከማንም ደጅ አልቆምኩም። ከመዝራታችን በፊት ባለቤቴ ሰፍራ የጎደለውን አሳየችኝ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ እኔ የአንድ ሙክት ዋጋ ለጠመንጃው፤ እሷ ሦስት ዶሮና አንድ አውራ፤ ወንድሟ ሁልጊዜ እኛ ቤት የሚበላውን የፋሲካ ዶሮ ወጥ፤ አይጧ ነፍሷን። ይህን ሁሉ የከፈልንበት፣ አይጧ የበላችው ገብስ፣ አንድ ቁና አይሞላም።